ከፋብሪካው በፊት፤ የደቡብ ኮርያ ብልጽግና በምን ቅደም ተከተል እንደ መጣ

የአንድ አገር ሀብት ማደግና የሕዝቡ ከድህነት መውጣት ሁልጊዜ አብረው የማይሄዱ መሆናቸውን ታሪክ ደጋግሞ አስተምሮናል። ከመሬታቸው ሥር ዘይትና ወርቅ እየወጣ፣ በዋና ከተሞቻቸው ረዣዥም ሕንፃ እየተሠራ፣ ገበሬያቸው ግን እንደ አያቱ ተርቦ የሚያድር አገሮች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለልማት የተነሣ አገር ሁሉ «ሀብት እንዴት ይጨምራል?» ብሎ ከመጠየቁ ጋር፣ «የጨመረው ሀብት ወደ ድኻው ቤት በየትኛው በር ይገባል?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል። ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ግልጥ መልስ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ደቡብ ኮርያ ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮርያ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ ስም አይደለችም። ከ1951 ጀምሮ በየተራ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የተዋጉት በዚያች ምድር ነው፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም ሕይወታቸውን ሰጥተውባታል። ዘማቾቹ ያገኟት ኮርያ ከተሞቿ የፈረሱባት፣ ኮረብቶቿ የተራቆቱባት፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት በየመንገዱ የሚንከራተቱባት አገር ነበረች፤ ወታደሮቻችንም ከራሳቸው ስንቅና ደመወዝ እየቀነሱ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ጦርነቱ በ1953 ሲቆም የአንድ ኮርያዊ የዓመት ገቢ በአማካይ 67 ዶላር ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ ይኸው ገቢ ከ30,000 ዶላር በላይ ሆኗል። በርዳታ እህል ትኖር የነበረችው አገርም በ2010 ከለጋሾቹ አገሮች ኮሚቴ ገብታ፣ በተራዋ ለሌሎች ትረዳለች።

ይህን ለውጥ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከ1961 ነው። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ በዚያ ዓመት በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ፤ ፋብሪካ አሠሩ፤ ሕዝቡን በብርቱ እጅ እየመሩ አገሪቱን አበለጸጉ፤ ስለዚህ ድኻ አገር የሚያስፈልገው ብርቱ ገዢና ብዙ ፋብሪካ ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ጉድለቱም ታሪኩን ከመካከሉ መጀመሩ ነው። ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ተፈጽመው ነበርና፣ እነርሱን ሳያነሡ ፋብሪካውን ብቻ ማወደስ መሠረቱን ረስቶ ጣሪያውን እንደ ማድነቅ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሥራ የመሬት ድልድል ነበር። በ1945 ጃፓን ተሸንፋ ለ35 ዓመት የገዛቻትን ኮርያን ስትለቅ፣ ከሰባት የገበሬ ቤተ ሰብ ሙሉ በሙሉ የራሱን መሬት ያርስ የነበረው አንዱ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው በሙሉ ወይም በከፊል የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ሲሆን፣ ለባለመሬቱ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ የምርቱን እኩሌታ፣ አንዳንድ ጊዜም ከእኩሌታ በላይ ነበር። ደቡቡን ለሦስት ዓመት ያስተዳደረው የአሜሪካ ጦር በመጀመሪያ የጭሰኛው ክፍያ ከሲሶ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ በ1948ም ቀድሞ የጃፓኖች የነበረውን መሬት ለሚያርሱት ሰዎች ይሸጥ ጀመር። በሰሜን ኮርያ በኩል መሬት በ1946 ያለ ካሣ ተወርሶ ተከፋፍሎ ስለ ነበረ፣ የደቡቡ መንግሥትም ገበሬው ልቡ ወደዚያ እንዳይሸፍት ይሰጋ ነበር።

በ1949 ወጥቶ በ1950 የተሻሻለው የመሬት ሕግ አንድ ቤተ ሰብ ከ3 ሄክታር ያህል በላይ የእርሻ መሬት እንዳይኖረው ከለከለ። ትርፉን መንግሥት ከባለመሬቱ እየገዛ ለአራሹ አስተላለፈ። ዋጋው የአንድ ዓመት ዋና ምርት አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን፣ ገበሬው የሚከፍለው በየዓመቱ ከመቶ 30 የሚሆነውን ምርት ለአምስት ዓመት በመስጠት ነበር። እስኪ ሒሳቡን እናስተውል። ትናንት የምርቱን እኩሌታ እየሰጠ ለልጁ የሚያወርሰው አንድ ጋሻ ቀርቶ አንድ ክንድ መሬት ያልነበረው ሰው፣ አሁን ከሲሶ ያነሰ እየሰጠ በአምስተኛው ዓመት የራሱ ርስት ጌታ እንዲሆን በሕግ ተፈቀደለት። ባለመሬቶቹ ግን የተከፈሉት በመንግሥት የዕዳ ወረቀት ስለ ነበረና በጦርነቱ ጊዜ ገንዘብ እጅግ ስለ ረከሰ፣ የብዙዎቹ ሀብት በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀለጠ። «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥሪ በ1965 በአዲስ አበባ በተማሪዎች ሰልፍ ከመሰማቱ አሥራ አምስት ዓመት አስቀድሞ፣ ኮርያ ይህንኑ ጥያቄ በሕግና በግዢ ፈትታው ነበር።

የዚህ ሕግ ጀማሪ የመጀመሪያው የእርሻ ሚኒስትር ቾ ቦንግ አም ነበሩ። እኒህ ሰው በ1956 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ከፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ቀጥሎ ከፍ ያለ ድምፅ አገኙ፤ በ1959 ግን በስለላ ተከስሰው በስቅላት ተቀጡ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወንጀሉ ነፃ ናቸው ብሎ የፈረደላቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2011 ነው። ለሚሊዮን ገበሬዎች ርስት ያስገኘ ሰው ለራሱ ፍትሕ ሳያገኝ መሞቱ፣ የኮርያ ብልጽግና በምን ያህል መሪር መንገድ እንዳለፈ ያሳያል።

ሁለተኛው ሥራ ትምህርት ነበር። በ1945 ከአዋቂው ሕዝብ ከመቶ 78 ያህሉ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። የስድስት ዓመት ትምህርት ግዴታ እንዲሆን የተወሰነው ልክ ጦርነቱ በተነሣበት በ1950 ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶቹ ሲፈርሱ ልጆቹ በድንኳን ውስጥና በዛፍ ጥላ ሥር ተምረዋል። በዚያ ዐሥር ዓመት መጨረሻ ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱት ሕፃናት ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ስለማይበቃ የወጪው ብዙ ክፍል የወደቀው በወላጆች ላይ ነው። ገበሬው ልጁን ከፍተኛ ትምህርት ለማስተማር የእርሻ በሬውን ይሸጥ ስለ ነበረ፣ ኮርያውያን ዩኒቨርሲቲዎቻቸውን በሬው ባወጣው ዋጋ ተሠሩ ሲሉ «የበሬ አጥንት ግንብ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ልብ በሉ፤ በሬውን ሊሸጥ የሚችለው በሬ ያለው ሰው ነው። የጭሰኝነቱ ክፍያ በቀረለት ጊዜ የተረፈችው እህል ደብተርና መጽሐፍ ሆነች ማለት ነው።

ሆኖም መሬትና ትምህርት ብቻቸውን አገሪቱን አላበለጸጉም። በሲንግማን ሪ ዘመን መንግሥቱ የሚኖረው በአሜሪካ ርዳታ ነበር፤ የምንዛሪና የማስገቢያ ፈቃድ ለወዳጅ ይታደል ነበር፤ የተማረው ወጣትም ሥራ አጥቶ ይንከራተት ነበር። ሥራ የሌለው ትምህርት ምን እንደሚያስከትል በሚያዝያ 1960 ታየ፤ ተማሪዎች ተነሥተው መንግሥቱን ጣሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሥልጣን የያዘው የፓርክ መንግሥት በ1962 የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ፕላን አወጣ፤ በ1964 የገንዘቡን ምንዛሪ ዝቅ አደረገ፤ ዝቅተኛ ወለድ ያለውንም ብድር ዕቃውን ለውጭ ገበያ በእርግጥ ለሸጠ ነጋዴ ሰጠ። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በየወሩ በሚደረገው የውጭ ንግድ ስብሰባ ላይ እየተገኙ የማን ፋብሪካ ምን ያህል እንደ ላከ ይመረምሩ ነበር። የፓርክ ድርሻ እዚህ ላይ ነው፤ ባለሀብቱ በዝምድና መክበሩ ቀርቶ በሥራው ውጤት እንዲለካ አደረጉ። በ1964 ለውጭ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 100 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ በ1970 ወደ 1 ቢሊዮን፣ በ1977 ደግሞ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አለ።

የሚላከው ዕቃ በመጀመሪያ ምን ነበር? ልብስ፣ ኮምፖርሳቶ፣ ከሴቶች ጠጉር የሚሠራ ዊግ። እነዚህ ሁሉ ከመኪና ይልቅ ብዙ የሰው እጅ የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው። ከገጠር የመጡት ልጃገረዶችም ማንበብ ስለሚችሉ ሥራውን ፈጥነው ያዙት፤ ደመወዛቸውንም ለወንድሞቻቸው ትምህርት ወደ አገር ቤት ላኩ። ከሕዝቡ በፍጹም ድህነት የሚኖረው በ1965 ከመቶ 40 ያህል ሲሆን፣ በ1980 ከመቶ 10 ያህል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ገጠሩ ወደ ኋላ መቅረቱ በታየ ጊዜም መንግሥት ከ1970 መጨረሻ ጀምሮ ለ33,000 ያህል መንደሮች ለእያንዳንዳቸው 335 ከረጢት ሲሚንቶ አደለ። ሕዝቡ ተመካክሮ መንገድ፣ ድልድይ ወይም የውሃ ጉድጓድ ሠራበት፤ በደንብ ለሠሩት 16,600 መንደሮችም በሁለተኛው ዙር 500 ከረጢትና አንድ ቶን ብረት ተጨመረላቸው። ይህን የመሰለ ማኅበራዊ ሥራ ሊሠራ የቻለው፣ መንገዱ በሚያልፍበት መሬት የሚጠቀመው ራሱ መንገዱን የሚሠራው ገበሬ ስለ ነበረ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ።

ነገር ግን ዋጋው ቀላል እንዳልነበረ መሸሸግ አይገባም። በሴኡል የልብስ ሰፊዎች መንደር ልጃገረዶች በጠባብና በአቧራማ ክፍል ውስጥ በቀን 14 ሰዓት ይሠሩ ነበር። ቾን ቴ ኢል የተባለ የ22 ዓመት ልብስ ሰፊ የሥራ ሕጉ እንዲከበር አቤት ብሎ ሰሚ ስላጣ፣ ኅዳር 1970 በአደባባይ ራሱን በእሳት አቃጠለ። ሕጉ በመጽሐፍ ላይ ነበረ፤ የሚያስፈጽመው ግን አልነበረም። ፓርክ በ1972 ሥልጣናቸውን ያለ ገደብ አደረጉ፤ በ1979ም በገዛ የስለላ ሹማቸው ተገደሉ። ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብቱን መልሶ ያገኘው በ1987 ነው። የጡረታ ሥርዓቱም የተጀመረው ዘግይቶ በ1988 ስለ ሆነ፣ ያንን ሁሉ የሠራው ትውልድ ሲያረጅ ብዙው ለችግር ተዳርጓል፤ ደቡብ ኮርያ ከበለጸጉት አገሮች መካከል ሽማግሌዎቿ በብዛት ከሚቸገሩባቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የኮርያን ፋብሪካ ብቻ አይቶ ፋብሪካ የሚተክል፣ ወይም የኮርያን ገዢ ብቻ አይቶ ብርቱ እጅን የሚመኝ አገር የታሪኩን ቅደም ተከተል አላስተዋለም። መሬቱ በ1950 ተደለደለ፤ ትምህርቱ እስከ 1960 ተዳረሰ፤ ፋብሪካው ከዚያ በኋላ መጣ። የመጣውም ሀብት ወደ ድኻው ቤት የገባው አስቀድሞ በተከፈቱት በእነዚያ ሁለት በሮች ነው። ጭካኔው ግን ከበሮቹ አንዱንም አልከፈተም፤ እንዲያውም ሊቀር ይችል የነበረ ዕዳ ነው። ስለ ልማት ፕላን የሚያወጣ ሹም በፕላኑ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የፋብሪካውን ቁጥር ከመጻፉ በፊት፣ አራሹ በሚያርሰው መሬት ላይ ምን መብት እንዳለውና ልጁ ከትምህርት ቤት በር ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ቢጽፍ፣ የኮርያን ታሪክ በሚገባ አንብቧል ለማለት እንደፍራለን።