ወፎች የላባ ቅባታቸውን በእንቁላል ወቅት ለምን ይለውጣሉ?

ብዙዎቹ ወፎች ከጅራታቸው መነሻ ላይ፣ በጀርባቸው በኩል፣ አንድ ትንሽ ዕጢ አላቸው። ዕጢው ሰም መሰል ቅባት ያመነጫል። ወፏ ቅባቱን በመንቆሯ እየወሰደች ላባዋን ትቀባበታለች። ቅባቱ ላባው እንዳይደርቅና እንዳይሰባበር ይጠብቃል፤ ውሃ እንዳይዘልቀውም ያግዛል። ይሁን እንጂ የቅባቱ ይዘት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

የባሕር ዳርቻዋ ወፍ

ይህ ለውጥ በደንብ ከተጠናባቸው ወፎች አንዷ በእንግሊዝኛ ሬድ ኖት የምትባለው የባሕር ዳርቻ ወፍ ናት። ቀዝቃዛዎቹን ወራት ከምታሳልፍባቸው ቦታዎች አንዱ በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ዳርቻ የሚገኘው የቫደን ባሕር ነው። በጋ ሲገባ እስከ ሰሜን ዋልታ አካባቢ በርራ ትሄዳለች፤ እዚያም ዛፍ በሌለው ሜዳ፣ መሬት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት እንቁላል ትጥላለች። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ሦስት ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ።

የሆላንድ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ በሌላው ጊዜ ቅባቷ ሞኖኤስተር ከሚባሉ ሰሞች የተሠራ ነው። እነዚህ ቀለል ያሉና በአየር ውስጥ በቶሎ የሚተንኑ ናቸው። የመራቢያ ወቅት ሲደርስ ግን ዕጢው ዳይኤስተር የሚባሉ ከበድ ያሉ ሰሞችን ያወጣል፤ እነዚህ በቀላሉ አይተንኑም። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ቅባቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በሰው እጅ የሚኖሩና የማይራቡ ወፎች እንኳ ይህን ዑደት ማሳየታቸው፣ ለውጡ በውስጣቸው ባለ የዓመት አቆጣጠር እንደሚመራ ያመለክታል።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ከታሰቡት ምክንያቶች አንዱ ጌጥ ነበር፤ አዲሱ ሰም ላባውን አድምቆ የትዳር ጓደኛ ይስባል ተባለ። ሲለካ ግን የላባው ቀለም በሰሙ ዓይነት እንደማይለወጥ ታየ።

ሁለተኛው ግምት ሽታን መደበቅ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠን ጎጆ ቀበሮ በአፍንጫው ያገኘዋል። ተመራማሪዎች ሽታ እንድትለይ የሠለጠነች የጀርመን እረኛ ውሻን ሁለቱንም ሰሞች አሽትተው ሲፈትኗት፣ ዳይኤስተሩን ለማግኘት ይበልጥ ተቸገረች። ውጤቱ በ2005 ታተመ። በብዙ ተመሳሳይ ዝርያዎችም ሰሙን የሚለውጠው እንቁላሉን የሚታቀፈው ወገን መሆኑ ይህንኑ ይደግፋል።

በአንዳንድ ዳክዬዎችም በመራቢያ ወቅት ሴቷ ሰሟን ትለውጣለች። ወንዱ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲሰጠው እሱም እንደ ሴቷ ዓይነት ሰም ማውጣት ይጀምራል።

ተቃራኒው ምሳሌ

በ2008 የእስራኤል ብሔራዊ ወፍ ሆና የተመረጠችው፣ በዕብራይስጥ ዱኺፋት የምትባለው ወፍ፣ የተለየ መንገድ አላት። ሴቷ በጎጆ ላይ ሳለች ዕጢዋ ጠቆር ያለና በጣም የሚሸት ፈሳሽ ያመነጫል። በፈሳሹ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንቁላሎቹን ከጎጂ ተሕዋስያን ይከላከላሉ። የምትራባው በዛፍ ወይም በግንብ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

ነዳጅ ሲነካቸው

ላባው ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ወይም ታር ሲለጠፍ፣ የላባው ትስስር ይፈርሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ቆዳ ይገባል። ወፏ ለማጽዳት ስትሞክርም መርዙን ትውጣለች። በየካቲት 2021 እንደሆነው ታር የእስራኤልን የሜዲትራንያን ዳርቻ ሲበክል፣ አደጋው ለባሕር ወፎችም ጭምር ነው። እንዲህ ያለች ወፍ ያገኘ ሰው ራሱ በሳሙና ሊያጥባት አይገባም፤ አጠባው ልምድ ይጠይቃል፣ ድንጋጤውም ሊገድላት ይችላል። ወፏን በጨለማና ሞቅ ባለ ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ወደ ተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን፣ በ*3639፣ መደወል ይሻላል።