መብራት አለ፤ ኃይልስ?

በጎጃም፣ ጅጋም ሆነ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠይቀው «መብራት መጣ?» ብሎ ነው። «ኤሌክትሪክ መጣ?» የሚል የለም። ቃሉ «በራ» ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ሲሆን ሥሩ የግዕዙ «በርሀ» ነው፤ «ብርሃን»ም የዚያው ልጅ ነው። ኩራዙም ጧፉም ፋኖሱም መብራት ነበሩ። አምፖል ሲመጣ ስሙን ወረሰ፤ ከዚያ ሽቦውም ቆጣሪውም ወርኃዊ ሂሳቡም «መብራት» ተባሉ። ወፍጮ ቤትም «መብራት ስለሌለ አንፈጭም» ይላል፤ ወፍጮውን የሚያዞረው ግን ብርሃን ሳይሆን ኃይል ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ሁለቱን ቃላት ለይቶ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር፦ የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን። በ2006 ዓ.ም. ተቋሙ ለሁለት ሲከፈል «መብራት» ከስሙ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ይላል። ሕዝቡ ያቆየው ስም ይሻላል ባይ ነኝ። «ኃይል» በግዕዝ ብርታትም ሠራዊትም ነው፤ የዕብራይስጥ ዘመዱም ሁለቱንም ትርጉም ይዟል። «አየር ኃይል» ስንል የምንሰማው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው።

ትልቅ የጌም ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም ወጣት በመጀመሪያ ይህን የመብራትና የኃይል ልዩነት ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ብቻውን እስከ 575 ዋት ይወስዳል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን ከ50 በላይ ያበራል። ኩባንያው ለሙሉ ኮምፒውተሩ የ1000 ዋት ፓወር ሳፕላይ ይመክራል። ማታ ማታ ምጣዱ ሁሉ ሲሰካና መስመሩ ከ220 ቮልት ሲወርድ የድሮው አምፖል ቢደበዝዝ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚፈልገውን ዋት ስለማይቀንስ ቮልቱ በወረደ ቁጥር ብዙ ከረንት ይስባል፤ ሶኬቱና ማከፋፈያው ይግላል። ከፓወር ሳፕላዩ ወደ ካርዱ የሚሄደው ደግሞ 12 ቮልት ስለሆነ፣ 575 ዋት ማለት ወደ 48 አምፒር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ትንሽ መሰኪያ ያልፋል። መሰኪያው እስከ መጨረሻው ካልገባ ሊቀልጥ ይችላል፤ በቀደመው 4090 ላይም ደርሷል።

የገባው ኃይል ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ይሆናል። ያንን የሚያወጣው «ፋን» ነው፤ እኔም ከሁሉ የምወደው የዚህን ቃል ታሪክ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲኑ «ቫኑስ» ሲሆን፣ ቫኑስ እህል የሚነፋበት ቅርጫት ነበር፤ የእኛ ሰፌድ ማለት ነው። በጎጃም አውድማ ገበሬው የተወቃውን ጤፍ በላይዳ ወደ ላይ ሲያነሳው ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፣ ፍሬው ይወድቃል። ፋን ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው። የእኛው «ማራገቢያ» ደግሞ በቤት ውስጥ እሳት ማቀጣጠያ ነው፤ ቡና ሲፈላ ከሰሉን የምናራግብበት። በካርዱ ላይ ሲሆን ያቀዘቅዛል። አየሩ ያው ነው፦ ለከሰሉ ኦክስጅን ያቀብላል፣ ከካርዱ የብረት ቅጠሎች ደግሞ ሙቀት ይዞ ይወጣል። («አራገበ»ን ክንፏን ከምታርገበግበው እርግብ ጋር ማዛመድ ያጓጓል፤ ሆኖም የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስረዳም።)

ፍኖተ ሰላም 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአምስተኛ እጅ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲዞር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የበጋው አቧራ የብረት ቅጠሎቹን ከደፈነ ደግሞ ይብሳል። የኮምፒውተሩን ኬዝ ከግድግዳ ማራቅና አቧራውን በየጊዜው ማራገፍ ውድ ማቀዝቀዣ ከመግዛት ይቀድማል።

«ካርድ» ራሱ ሩቅ ተጉዞ የመጣ ቃል ነው። ምንጩ የግሪኩ «ኻርቴስ»፣ የፓፒረስ ቅጠል ነው። በግዕዝ «ክርታስ»፣ ከጣሊያንኛ «ካርታ»ና «ካርቶን»፣ ከእንግሊዝኛ «ካርድ» እየሆነ ደጋግሞ ገብቶልናል። የቤቱ ካርታ፣ ግራፊክስ ካርዱና የታሸገበት ካርቶን የአንድ ቃል ልጆች ናቸው።

የቀረው «አፕግሬድ» ነው። «ግሬድ» ከላቲኑ «ግራዱስ»፣ እርምጃ ወይም መርገጫ ማለት ነው። ከዐረብኛ የወሰድነው «ደረጃ»ም መወጣጫ ነው፤ «ማዕረግ» ደግሞ የግዕዙ «ዐርገ»፣ ወጣ፣ ልጅ ነው። ሦስቱም በየመንገዳቸው ከመራመድና ከመውጣት ስለተነሡ «ደረጃ ማሳደግ» ቃሉን በትክክል ይተካዋል። መርገጫው ሲቆጠር ግን ካርዱ የመጀመሪያው አይደለም። አስቀድሞ ምጣድ በሚበዛበት ምሽት የቤቱን ቮልት በቴስተር መለካት፣ ከዚያ ሶኬቱንና ምድር ሽቦውን በኤሌክትሪሽያን ማስፈተሽ፣ ቀጥሎ የሙሉ ኮምፒውተሩን ዋት የሚችል ስታብላይዘርና በቂ ፓወር ሳፕላይ መግዛት ነው። ካርዱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከመጣም በኋላ የዋት ጣሪያውን በሶፍትዌር ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ በመጠኑ ከሆነ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ከዋቱ ባነሰ መጠን ነው፣ ሙቀቱም የፋኑም ጩኸት ይቀንሳል።