ጣና ጠረፍ የነበረ ጊዜ

ጉልበቴን አሞኝ ሰሞኑን ወንዛዬ ፍል ውሃ ነው የከረምኩት። ኔትወርክ እንደ ልብ ስላልነበር ሜሴንጀር ላይ የጻፋችሁልኝን ዛሬ ነው ያየሁት። አንዱ የድሮ ተማሪዬ ነው። አሁን አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ እየጻፈ ነው። ታሪኩ ጠፈር ላይ ነው አሉ። አንድ ትልቅ ንጉሠ ነገሥት አለ፣ ጠረፍ ላይ የተበተኑ ከዋክብት አሉ፣ በየኮከቡ ዙሪያ ሰው የሰፈረባቸው ዓለማት አሉ፤ ከቤተ መንግሥት መልእክት እስኪደርስ ዓመት ይፈጃል። "ቲቸር፣ የጠረፉን ነገር ከሮም ታሪክ ብወስደው ይሻላል ወይስ ከእንግሊዝ?" ይለኛል።

ባሕር ዳር ተወልደህ ሮም ምን አስኬደህ ልጄ?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ኮመንት ላይ እንዳንጨቃጨቅ።)

ዛሬ ጣናን የምናስበው መሀል አገር አድርገን ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) ሲነግሡ፣ ሐይቁ የመንግሥቱ ጫፍ ነበር። ቤተ መንግሥቱ የሚዞር የድንኳን ከተማ ነው፤ የሚዘዋወረውም ባብዛኛው በምሥራቅ በኩል፣ በዛሬው ደቡብ ወሎና በሸዋ ነው። ወዲህ ጎጃም የራሱ ገዢዎች ነበሩት፣ ዳሞት የራሱ ንጉሥ፣ አገው የራሱ ሥርዓት። ዓምደ ጽዮን ዘምተው ዳሞትንም ጎጃምንም አስገበሩ። እዚህ ድረስ ያለውን ሁላችሁም ለፈተና አጥንታችኋል።

ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ንጉሡ ድንኳናቸውን ነቅለው ሲመለሱ ጠረፉን ማን ይያዘው? ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው ይህንን በደንብ አሳይተውናል። የተተከለው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ጨዋና መነኩሴ። ጨዋ ማለት ያኔ የንጉሥ ሰራዊት ነው። በሰፈረበት አገር መተዳደሪያው ከመሬቱ ነው፤ ገበሬው ይቀልበዋል። (ቃሉ እንዴት ዞሮ ዞሮ "ትሑት፣ ሰው አክባሪ" ማለት እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሲቀልቡት የነበሩትን ገበሬዎች ብንጠይቃቸው ይህንን ትርጉም የሚሰጡት አይመስለኝም።)

መነኮሳቱ ደግሞ ሐይቁ ላይ ገቡ። ዘዮሐንስ ክብራንን፣ ኂሩተ አምላክ ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ። ደሴት ለምን ተመረጠ? ለጸሎት ጸጥታ ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን የዚያን ዘመን ካርታ በሐሳባችሁ ሳሉት። የብሱ ላይ ያለው ሰው ገና አልተጠመቀም፣ መነኩሴውን የሚያየው የጦሩ ተከታይ አድርጎ ነው። ውሃው አጥር ነው፤ ታንኳ የሌለው አይደርስበትም። ለእኔ ገዳማቱ ጸሎት ቤትም ጠረፍ ጠባቂም ነበሩ። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

እና "ጠረፍ ላይ የተበተኑ ከዋክብት" ስትለኝ እኔ የሚታየኝ ይህ ነው። 37 ያህል ደሴት፣ ብዙዎቹ ከነታቦታቸውና ከነብራና መጽሐፋቸው፣ ንጉሡ ሳምንታት በሚያስኬድ መንገድ ርቀው።

ጠረፍ ሩቅ ስለሆነ ውድ ነገር ይደበቅበታል፣ ያልተፈለገ ሰውም ይጣልበታል። በግራኝ ጦርነት (1529–1543) ጊዜ ብዙ ቅርስ የሸሸው ወደነዚህ ደሴቶች ነው። ዳጋ የሄዳችሁ ወንዶች የዐፄ ዳዊትን፣ የዘርዓ ያዕቆብን፣ የዘድንግልን፣ የፋሲልን አፅም አይታችኋል። ታላቁ ኢያሱም ዙፋናቸውን ካጡ በኋላ የተቀመጡት ጣና ደሴት ላይ ነው፤ በ1706 የተገደሉትም እዚያው።

ከዚያ ጠረፉ ራሱ መሀል ሆነ። ከግራኝ ጦርነት በኋላ፣ የኦሮሞ መስፋፋት ሲጨመርበት፣ ነገሥታቱ ወደዚህ ተሰበሰቡ። ሠርፀ ድንግል ጉዛራ፣ ሱስንዮስ ጎርጎራና ደንቀዝ፣ ፋሲል በ1636 ጎንደር። ከጢስ አባይ በታች ያለው የአላታ ድልድይ በ1626 የተሠራው በሱስንዮስ ጊዜ ነው። ለሽርሽር ስትሄዱ ፎቶ ትነሡበታላችሁ። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አገው ምድር ላይ ደጋግሞ የዘመተው ጦር ነው ትዝ የሚለኝ። ጣና መሀል ሲሆን ጠረፉ ወደ አገው፣ ከዚያም ወደ ጉሙዝ ቆላ ተገፋ። ለአዲሱ ጠረፍ ሰው ደግሞ ነገሩ እንደገና ከሀ ጀመረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፤ ይህንን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ዐሥራ ምናምን ዓመት ይሆነዋል። "ዓምደ ጽዮን ጎጃምን አስገበሩ" ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከሐይቁ ዳር የምትመጣ የነገደ ወይጦ ልጅ ናት። "ቲቸር፣ ያኔ እኛ የት ነበርን?" አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ሳቁን ማስቆም ሲገባኝ "እሱ ፈተና ላይ አይመጣም" ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓመቱን ሙሉ እጇን አላወጣችም።

ዘግይቶም ቢሆን ልመልስ። እዚሁ ነበራችሁ። ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ የራሳችሁ ቋንቋ እንደነበራችሁ ጽፏል። በ1930ዎቹ፣ ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን ሐይቁን ሲዞር፣ የምትናገሩት አማርኛ ነበር። የድሮው ቋንቋችሁ ከየትኛው ወገን እንደነበር ምሁራን ዛሬም አልተስማሙም፤ የሚስማሙበት ያህል አልተጻፈማ። ጋፋትም እንዲሁ ነው። ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል፣ ብራናው ኦክስፎርድ አለ። በ1940ዎቹ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ ተናጋሪ ፍለጋ ሲመጣ ያገኘው ጥቂት ሽማግሌዎችን ብቻ ነው። ዛሬ ማንም የለም።

ሌላም አለ። ከንጉሥ የተላከ መስቀልና መጽሐፍ በእግሩ ተራምዶ ዳጋ አልደረሰም። በደንገል ታንኳ ነው የተሻገረው። በታንኳ ሥራ በዚህ ሐይቅ የታወቀው ደግሞ ጉማሬ ይበላል ተብሎ ማዕድ የማይጋሩት፣ ዕቃ የማያዋሱት ሰው ነው። ያ ሁሉ የጠረፍ ገዳም በምን ላይ ቆሞ እንደነበር አስቡት።

ስለዚህ አንተ ደራሲው፣ ንጉሡንና ጄኔራሎቹን እንደፈለግህ ጻፋቸው። ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያሻግረውን መርከብ የሚሠራውን ሰው ግን ስምና ቋንቋ ስጠው።

አንቺ ደግሞ፣ ስምሽን እዚህ አልጽፍም። ፌስቡክ ላይ እንዳለሽ ሰምቻለሁ። ይህን ካየሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ። አያትሽ ታንኳ ይሠሩ እንደነበር አንዴ ነግረሽኝ ነበር። ደንገሉን ሲያጭዱ፣ ሲያስሩ፣ ሲያደርቁ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት እናትሽ ሳያስታውሱ አይቀርም። ደብተር ይዤ ልምጣ፤ የሚመቻችሁን ቀን ንገሪኝ።