አምስት ቀን ሥራ፣ አሥራ አምስት ኪሎ እህል

ቅድመ ሁኔታ የሌለው እርዳታ የለም ይባላል። እኛም አንክድም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ቅድመ ሁኔታውን ማን ጻፈው? እርዳታውን የሚቀበለው ሰውስ «ይህስ አይሆንም» ብሎ አቤት የሚልበት ደጅ አለው ወይ? እስኪ ከአንኮበር ገደል ቁልቁል፣ ወደ አሊዩ አምባ ወርደን እንጀምር።

አሊዩ አምባ ዛሬ ለብዙው የአዲስ አበባ ልጅ ስሟም እንግዳ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ግን ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ የሚያርፍባት የሸዋ በር ነበረች። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ ሰው ሳይቀር ይሸጥና ይለወጥ በነበረበት በዚያ መንገድ፣ በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከቦምቤይ ተልኮ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ጠመንጃና ሌላም ስጦታ ጭኖ ነበር። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ደግሞ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ስጦታው ቀደመ፣ ቅድመ ሁኔታው ተከተለ ማለት ነው። ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች ተቀምጠው ተደራድረዋል፤ ንጉሡም የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። የተራበ ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ድርድር ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ አገር ሲያናጋ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ«ምግብ ለሥራ» ገበሬውን እርከን ያሠራው ጀመር፤ የቀን ዋጋው ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የመጣው ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ምዕራብ አሰፈረ። እርዳታው ለሠፈራ ማባበያና ማስገደጃ ሆኗል ብሎ በአደባባይ የተናገረው የፈረንሳዩ «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» ቡድን በኅዳር 1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። እህሉን የያዘው መንግሥት፣ ስለ እህሉ የሚናገረውንም ዝም አሰኘ።

ከዚያ ፌዴራሊዝም መጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 ለአደጋ ተጎጂዎች በወቅቱ መድረስን የመንግሥት ግዴታ አደረገው። በአንቀጽ 94 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የአስቸኳይ ጊዜ፣ የማቋቋሚያና የልማት እርዳታ ሊሰጥ እንደሚችል፣ ይህም የክልሎችን ተመጣጣኝ ዕድገት እንዳያደናቅፍ ጥንቃቄ እንደሚደረግ ይናገራል። ድጋፉን መቆጣጠርም ሥልጣኑ ነው። ስለ ክልሎቹ ብዙ ተባለ። ከክልሉ፣ ከወረዳውና ከቀበሌው ሥር ስላለችው አንዲት አባወራ ወይም እማወራ ግን አንቀጹ ዝም ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ተጀመረ። ገንዘቡ ከለጋሾች ወደ ፌዴራል፣ ከዚያ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል። ጉልበት ያለው ሰው በወር አምስት ቀን የሕዝብ ሥራ ይሠራል፤ በምላሹ 15 ኪሎ እህል ወይም በዚያን ጊዜ ዋጋ 30 ብር ያገኛል። አቅመ ደካሞችና ነፍሰ ጡሮች ሳይሠሩ ይረዳሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረጂው ጥሪት አፍርቶ «ይመረቃል» ተባለ።

ጠቡ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በአማራ ክልል የመጀመሪያው ምልመላ ትንሽ ጥሪት ያላቸውን፣ ቶሎ ሊመረቁ የሚችሉትን ያስቀደመ ነበር። የፌዴራሉ መመሪያና ለጋሾች ደግሞ የደሃ ደሃው ይቅደም አሉ። ከክርክሩ በኋላ ምልመላው እንደገና ተካሄደ። ክልሉን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ቶሎ አስመርቁ የሚል ትእዛዝ የተሰጠው ሹም፣ ሊመረቅ የማይችለውን ለምን ይመዘግባል? ሁለቱ ቅድመ ሁኔታዎች እርስ በርስ ይጣሉ ነበር። ከዝርዝሩ የወጣውም የገባውም ሰው ግን በክርክሩ ውስጥ አልነበረም። በኋላ የቀበሌ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴዎች መጡ፤ ጥሩ እርምጃ ነው። ሆኖም ከዝርዝሩ ያወጣህን ሰው፣ ከእሱ ጋር በሚውል ጎረቤትህ ፊት መክሰስ ምን ያህል እንደሚከብድ ገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ሂዩማን ራይትስ ዎች ሴፍቲኔትን ጨምሮ የእርዳታ ፕሮግራሞች ለፓርቲ ድጋፍ ማስገኛ ሆነዋል የሚል ሪፖርት አወጣ። መንግሥት አስተባበለ። ለጋሾቹም የተንሰራፋና ስልታዊ ብልሹነት አለ በሚለው መደምደሚያ አንስማማም አሉ። የተጻፈው ቅድመ ሁኔታ «አምስት ቀን ሥራ» ነው፤ ያልተጻፈው ካለ፣ የሚያውቀው ተሰልፎ የጠበቀው ሰው ነው።

ሌላም እንጨምር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከትግራይ ክልል መንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጦ በጀቱ በቀጥታ ለታችኛው አስተዳደር እንዲደርስ ወሰነ። ከወር በኋላ ጦርነት ሆነ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዩኤስኤአይዲ የምግብ እርዳታ ተዘርፏል ብሎ በመላ አገሪቱ ስርጭቱን አቆመ። እስከ 2016 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ፣ ስለ ምዝገባውና ስለ መጋዘኑ ትላልቆቹ ሲነጋገሩ፣ የሰረቀውም ያልሰረቀውም አንድ ላይ ተቀጣ። ያልሰረቀው ግን ጦሙን አደረ።

አሜሪካኖችም ይጣላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮንግረሱ ከኮሮና ለማገገሚያ 350 ቢሊዮን ዶላር ለክልሎችና ለአካባቢ መስተዳድሮች ሲሰጥ፣ በዚህ ገንዘብ የግብር ቅነሳ አትሸፍኑ አለ። ብዙ ክልሎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አንዳንዶቹም ረቱ። ልዩነቱ የገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ ቅድመ ሁኔታው ዳኛ ፊት መቆሙ ነው።

እኛ ቅድመ ሁኔታ ይጥፋ አንልም። እርከኑ ተራራውን ጠቅሟል፤ ኦዲቱም ሌባን ይይዛል። የምንለው አንድ ነው። መስፈርቱ በቀበሌው ግድግዳ ላይ በሚነበብ ቋንቋ ይለጠፍ፤ አቤቱታውም ዝርዝሩን ካወጣው ሰው እጅ ወጥቶ ይታይ። ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ ውሉ ምን እንደሚል ያውቁ ነበር። የይፋት ቆላ ገበሬ በ15 ኪሎ እህል ሲዋዋል ይህን ያህል እንኳ ማወቅ ይበዛበታል?