የዮሴፍን አጽም ማን ተሸከመ?

ወጣቶች ሆይ፣ የቅዱሳን አጽም የሚከበርበት ስፍራ ሲነሣ ብዙዎቻችን «ይህ የእኛ አይደለም» ብለን እናልፋለን። ዛሬ ግን ሳናልፍ ከእነዚህ ስፍራዎች አንዱን በሐሳብ እንጎብኝ።

በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ፣ ትሮይ ሂል በሚባለው ሰፈር፣ የፓዱዋው ቅዱስ አንቶንዮስ የካቶሊክ ቤተ ጸሎት ይገኛል። በውስጡ ወደ 5,000 የሚጠጉ የቅዱሳን ቅሪቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ጥቃቅን የአጥንት ስባሪዎች ናቸው። የሰበሰቧቸው ቄስ ስዊትበርት ሞሊንገር ናቸው። በዘመናቸው በጀርመን መንግሥት ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተጋጭቶ፣ በጣሊያንም ገዳማት እየተዘጉ ስለነበር ብዙ ቅሪቶች ጠባቂ አጥተው ነበር። እርሳቸው እየሰበሰቡ በገዛ ገንዘባቸው ቤት ሠሩላቸው። ቤተ ጸሎቱ እ.ኤ.አ. በ1883 ተመረቀ። ማስፋፊያው በ1892 በተመረቀ በሁለተኛው ቀን ቄሱ አረፉ።

«አጥንት አያድንም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ሉተር ባስተማረበት በዊተንበርግ፣ ልዑል ፍሬደሪክ ወደ 19,000 የሚጠጉ ቅሪቶች ነበሩት፤ እነርሱን ማየትም የኃጢአትን ቅጣት ያቀልላል ይባል ነበር። ሉተር ይህን ተቃወመ፤ ምሕረት በክርስቶስ ብቻ ነውና።

ነገር ግን የራሳችንን ታሪክ እናስታውስ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተይዘው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። የቄስ ጉዲና አጽም የት እንደወደቀ ሳይታወቅ ወደ 13 ዓመት አለፈ። በ1984 ዓ.ም. ሲገኝ በክብር ተቀበረ። ያን ቀን ላለቀሱት ሰዎች «አጥንት ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚናገር ማን ነው?

ሙሴም ከግብፅ ሲወጣ የዮሴፍን አጽም ይዞ ነበር (ዘፀ. 13፥19)። የተሸከመው አጽሙ እንዲያድነው አይደለም፤ ዮሴፍ በእግዚአብሔር ተስፋ አምኖ እስራኤልን ስላስማለ ነው። እንግዲህ በእኛና በካቶሊክ ወንድሞቻችን መካከል ያለው ልዩነት እነርሱ ሙታንን ማክበራቸው፣ እኛ ደግሞ መርሳታችን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ዕብራውያን 13፥7 የሚያዝዘን የአባቶችን እምነት እንድንመስል ነው።

ስለዚህ በሌላው አጽም ከመሳለቃችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ ቄስ ጉዲና ትተውት ያልሄዱትን መንጋ እኛ ስንት ጊዜ ትተን ሄደናል?