ጭንብልና ጎፈር

የስማዳዋ ወገዳ ሱፐርሂሮን ያወቀችው በቪዲዮ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተከለለ መስኮት፣ ከአጣና የተሠራ አግዳሚ፣ ከጓሮ የሚንጫጫ ጄኔሬተር፤ ሲኒማችን ይኸው ነበር። መጀመሪያ ራምቦና ኮማንዶ ነገሡበት፤ ቀጥሎ የሕንድ ፊልም ገባ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው ስፓይደርማን ወገዳ የደረሰው ዘግይቶ፣ በተቧጨረ ሲዲ ነው። እንግሊዝኛ የሚሞክር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከፊት ቆሞ ያስረዳል፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። ፒተር ፓርከር ቀዩን ጭንብል ሲያጠልቅ፣ ከገበያ ሲመለሱ ዝናብ ያስጠጋቸው አንድ አዛውንት ከኋላ ሆነው «ምነው ይኸ ልጅ፣ ፊቱን የሚሸፍነው ሰርቆ ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ኮሚክ መጽሐፍ አሰባስባለሁ፤ የማርቭልን ፊልሞች በተራቸው እቆጥራቸዋለሁ። የአዛውንቱን ጥያቄ ግን እንደ ቀልድ ማለፍ አልቻልኩም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጀግና ፊቱን የሚሸፍንበት ዘመን አልነበረም። ጀግንነት እንዲያውም ፊት የሚገለጥበት፣ ስም የሚጠራበት ወግ ነበር። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ከሌላ ወግ እንደመጡ ሽማግሌው በአንድ እይታ ነው የያዙት።

ሱፐርሂሮ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የሚሠራበት፣ ሌላው የሚደበቅበት። የእኛም ጀግና ሁለት ስም ነበረው፤ ሁለተኛው የፈረስ ስሙ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የፈረስ ስም የሚወጣው ሊጠራ ነው፤ አዝማሪ ያወድስበታል፣ አሽከር ይምልበታል፣ ጠላት ይደነግጥበታል። ክላርክ ኬንት መነጽር አድርጎ ሱፐርማን መሆኑን አብረውት ከሚሠሩት ይሰውራል። በስማዳ ግን በሰንበቴ አብረውት የሚጠጡት፣ በዕድር አብረውት የሚቆፍሩት ሰዎች በመነጽር አይሸወዱም፤ በአረማመዱ ብቻ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራሉ።

የልዩነቱ ምክንያት የከተማና የአጥቢያ ልዩነት ይመስለኛል። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ የክሊቭላንድ ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱም የአይሁድ ስደተኞች ልጆች። ታሪኩ ታትሞ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ከተማ፣ ማንም ልብ የማይለው ሰው በውስጡ ኃያል ነው ብሎ ማለም የሚገባ ሕልም ነው። በዚያው ዓመት በእኛ በጌምድር ጣሊያን ነበር። ከአርበኞቹ መሪዎች አንዱ ውብነህ ተሰማ ነበሩ፤ ሕዝቡ «አሞራው» አላቸው። አሞራው ውብነህ! ለኮሚክ ሽፋን ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ልዩነቱ፣ አሞራው ማን እንደሆነ ጣሊያንም አርበኛም ያውቅ ነበር።

ወጉ የሚታየው በፉከራ ላይ ነው። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ከተቀመጠበት ይነሣል፤ ጠመንጃውን ወይም ዱላውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይንጎራደዳል፤ የማን ልጅ፣ የማን ወንድም፣ የማን አሽከር እንደሆነ ይዘረዝራል፤ የዋለበትን ቦታ ይጠራል። ሁሉም ነገር በምስክር ፊት ነው። በቀድሞው ዘመን ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ተመልሶ በጌታው ፊት ግዳዩን ይጥላል፤ አብረውት የዋሉ ካላረጋገጡለት ከንቱ ነው። በልጅነቴ በአንድ ሠርግ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጎልማሳ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው ተነሥቶ ሽፍታ ያባረረበትን ሌሊት መፎከር ጀመረ። ከማጀት በኩል አንዲት እናት ብቅ ብለው «አያ፣ ያን ለታማ እኔ ቤት ጎታ ሥር ነበርክ» አሉት። ዱላው በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ምስክር ያለው ጀግንነት ማለት ይህ ነው።

ልብሱም እንዲሁ። ጎፈር ከአንበሳ ጋማ ይሠራል፤ አንበሳ በሌለበት የወንድ ጭላዳ ጋማም ለዚሁ ያገለግል ነበር። ለምድ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ የጆሮ ወርቅ፣ ሹሩባ፤ እነዚህ ሁሉ በግዳይ ወይም በሹመት የሚገኙ እንጂ ደስ ያለው ሁሉ የሚያደርጋቸው አልነበሩም። ፒተር ፓርከር ልብሱን በመኝታ ክፍሉ ለራሱ ይሠራል፤ የእኛ ሰው ልብሱን ሌሎች ያለብሱታል። በደመራ ዕለትም መኳንንቱና ሠራዊቱ በዚህ ልብስ አጊጠው፣ ውለታቸውን እየቆጠሩ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይፎክሩ ነበር።

ጀግናን በሥዕል ማየትም ከቪዲዮ ቤቱ በፊት ነበረን። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ዘንዶውን ይወጋል፤ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ሆኖ ንጉሥ ዑልያኖስን ይጥላል። የጥንቱ ሠዓሊ ያወጣውን ሕግ ልብ በሉ፤ ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይተውለታል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። የዓድዋን ጦርነት የሣሉትም ይህንኑ ወረሱ፤ ሐበሻው ፊት ለፊት፣ ጣሊያኑ በጎን፣ ጊዮርጊስ ደግሞ ከሰማይ በሠራዊቱ ላይ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በካሬ በካሬ ከፍለው፣ በየካሬው ጽሑፍ እያስገቡ የሣሉት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎችም ኮሚክ መሥራታቸው ነበር። በዚህ ሕግ ቢሄድ ጭንብል ያጠለቀ ጀግና ለሠዓሊው ፈተና ነው፤ ዓይኑን ምን አድርጎ ይሣለው?

ፊት ለፊት የሚታየው ጀግና እኛ ሰፈር አጠገብ ሁለት ጊዜ ከማሽን ጋር ተገናኝቷል። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር በጋይንት በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ አስጎተቱት። መንገዱ ሲቀየስ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። አባ ታጠቅ ማሽኑን በእጃቸው ነክተውታል። ሁለተኛው ግን ከላይ መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከጋይንት በስተምሥራቅ አንቺም ላይ የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ከሚመሩት ጦር ጋር ገጠሙ። አውሮፕላን በላያቸው በረረ፤ ከራስ ጉግሣ ጋር የተሰለፈ እንደሚወገዝ የሚናገር ወረቀት በተነ፤ ቦምብም ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ወደቁ፤ የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። ከሰማይ ለሚወርድ ነገር «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ አይፎከርበትም። የፈረስ ስም ዘመን ያን ቀን ማምሸት ጀመረ እላለሁ።

ታዲያ የእኛ አገር ተመልካች ከሱፐርሂሮ ፊልሞች የቱን ቦታ ይወዳል? እኔ ያየሁትን ልናገር። በአይረንማን መጨረሻ ቶኒ ስታርክ የተጻፈለትን ውሸት ትቶ ማንነቱን በጋዜጠኞች ፊት ሲናገር ቪዲዮ ቤቱ አጨበጨበ። በብላክ ፓንተር ቲቻላ ከፏፏቴው ሥር ሆኖ ከነአባቱ ስሙን ሲጠራ፣ ጎረቤቴ ከአግዳሚው ተነሥቶ «እሰይ!» አለ። ያ ትዕይንት ለእሱ ባዕድ አልነበረም።

የአሜሪካኖቹ የኮሚክ ጉባኤ፣ ሳንዲያጎ ላይ በ1962 ዓ.ም. ሦስት መቶ በሚሆኑ ሰዎች የተጀመረው፣ ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይጠራል፤ ብዙው የሚወደውን ጀግና ለብሶ ይመጣል። እኛም የዓድዋ ድል ቀን፣ የካቲት 23 አለችን። አዲስ አበባ ላይ ወጣቱ ጎፈር አጥልቆ፣ ጋሻና ጦር ይዞ፣ በፈረስ ሆኖ ሲወጣ ሳይ ጉባኤያችን ይኸው ነው እላለሁ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ምን ገድሎ ለበሰው?» ብለው ያጉረመርማሉ። እኔ አልከፋም። ልብሱ የገዳዩ መሆኑ ቀርቶ የአስታዋሹ ሆኗል፤ ይህ ለውጥ ክፉ አይደለም።

ምክንያቱም የድሮው ወግ ቀላል ዋጋ አላስከፈለም። ግዳይ ሲባል የአውሬ ብቻ አልነበረም፤ ሰለባም ነበረበት። በሠርግ ላይ የተፎከረ ፉከራ ደም ያለበትን ሰው አስቆጥቶ ሌላ ደም ያመጣባቸውን ቤቶች አካባቢያችን ያውቃል። ሱፐርማንና ባትማን ደግሞ፣ ፊልም ሠሪዎቹ አልፎ አልፎ ቢስቱትም፣ አለመግደልን ሕግ አድርገው ነው ያደጉት። ቆጠራቸው ባዳኑት ሰው ነው። ስም በማሳወቅ እኛ እንበልጣለን፤ በቆጠራው እነሱ ይበልጣሉ።

በሥራት ደበበ በኤታን ኮሚክስ ጀምበር የተባለውን የእኛኑ ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲያወጣ፣ ባለታሪኩ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ አማኑኤል የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ቀጥሎ ሐዊ የተባለች ጀግና መጣች። ጀምበርን ተማሪዎቼ እየተሻሙ ሲያነቡት አይቻለሁ፤ የሥራ ፍለጋው ገጽ ከጠቡ ይልቅ አስቋቸዋል፣ የሚያውቁት ነገር ነውና። ከዚህ በኋላ ለሚሣሉት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከወገዳ የሚወጣ ጀግና ካላችሁ ጭንብሉን አውልቁለት፣ የፈረስ ስም ስጡት፣ «ዘራፍ!» ይበል። ሲፎክር ግን ምስክር ሆኖ የሚነሣለት ያዳነው ሰው ይሁን።