የመሣሪያው ባለቤት
ስለ ዘመናዊው ሙዚቀኛ ሥራና ኑሮ

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ ሰፊውን ቦታ የሚይዙት ድምፃውያኑና ዘፈኖቻቸው ናቸው። ሙዚቀኛው በማን ተቀጠረ፣ ደመወዙን ከማን እጅ ተቀበለ፣ የሚነፋውስ ሳክስፎን የማን ንብረት ነበር የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። በሞያው ውስጥ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሙዚቀኛ ዕድል የሚወሰነው በጣቶቹ ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ሲያበቃ መሣሪያውን ይዞ ወደ ቤቱ ለመሄድ መቻሉና አለመቻሉም ይወስነዋል።

አዝማሪው በዚህ ረገድ ነጻ ሰው ነበር። የመሰንቆው እንጨት፣ ቆዳውና የፈረስ ጭራው በአገሩ የሚገኝ ነው፤ አንዱ ጌታ ቢከፋበት መሰንቆውን አንግቦ ወደ ሌላው ደጅ ይሄዳል። ማኅበረሰቡ ሞያውን አሳንሶ ቢመለከትበትም የሥራ መሣሪያው የራሱ ነበረ። ከባሕር ማዶ የመጣው የነሐስ መሣሪያ ግን ዋጋው ከግለሰብ አቅም በላይ ስለ ሆነ፣ ሊያስመጣው የሚችለው ቤተ መንግሥቱ ብቻ ነበር። ስለዚህም ዘመናዊው ሙዚቀኛ ገና ከመነሻው የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ተወለደ።

ይህ ነገር በ1916 ዓ.ም. ጎልቶ ታየ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ባደረጉት ጉዞ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም በኩል ሲያልፉ፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ያቋቋሙትን የማርሽ ሙዚቃ ጓድ ሰሙ፤ አርባውም ልጆች ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። «አርባ ልጆች» የተባለው ስም ከዚህ የመጣ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ፤ እስከ ዘውዳዊው መንግሥት ፍጻሜም አገለገለ። አባት እናታቸውን በእልቂት ያጡ ልጆች ለተቀበላቸው አገር ስለ ደስታ የሚናገር መዝሙር መንፋታቸው በታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይገጥም ነገር ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ጦር ሠራዊት እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ክፍል አደራጁ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የራሱን ኦርኬስትራ ያዘ፤ በዚያም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። በእነዚህ ቤቶች የተቀጠረ ሰው ኖታ ማንበብን ይማራል፣ የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ የወር ደመወዝ ያገኛል። ያለዚህ ትምህርት ቤትነት ኋላ «ወርቃማው ዘመን» የተባለው ሁሉ ሊታሰብ ባልቻለም ነበር። በሌላ በኩል ግን ሙዚቀኛው እንደ መለከቱ ሁሉ የክፍሉ ንብረት መሆኑ አልቀረም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በከሸፈ ጊዜ፣ ከሀገር ፍቅር ወደዚያው ክፍል ተዛውረው ይዘፍኑ የነበሩት ወጣቱ ጥላሁን ገሠሠ ታስረው ነበር። የድምፃዊ ሥራ ከወታደር ግዳጅ ጋር አንድ ላይ ተቋጥሮ ሲገኝ የሚያስከትለው መዘዝ ይህን ይመስላል።

ሌሊቱ ግን ሌላ ሥርዓት ነበረው። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ በአሪዞና ክበብ ይጫወቱ ነበር። በዚያው ክበብ በተላላኪነት ይሠሩ የነበሩት፣ ቀደም ሲልም ጫማ ይጠርጉ የነበሩት ማሕሙድ አሕመድ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. አንድ ምሽት ድምፃዊው ሲቀር ለመዝፈን ዕድል አገኙ፤ ብዙም ሳይቆዩ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ሆኑ። ወደ መንግሥት ደመወዝ የሚያስገባው በር አንዳንድ ጊዜ በመጠጥ ቤት በኩል ነበር ማለት ነው።

ሸክላ የማሳተም መብትም ቢሆን በመንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን አጥር የጣሱት አቶ ዐምሃ እሸቴ ናቸው። በ1969 እ.ኤ.አ. የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጸው፣ ሸክላውን በውጭ አገር አሳትመው አስገቡ። ድርጅታቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አወጣ። ሕግ ተላለፉ ቢባል እውነት ነው፤ ሕጉን ባያልፉት ኖሮ ግን ዛሬ የምንሰማው ስንኳን ባልኖረ ነበር።

የመሣሪያው ባለቤትነት ጥያቄ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በአቶ ኃይሉ መርጊያ ሕይወት ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልደው፣ በዐሥር ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ። ገና በ14 ዓመታቸው በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ተቀጥረው ኖታ ተማሩ፤ ከዚያም ሠራዊቱን ትተው በየመሸታ ቤቱ አኮርዲዮን እየተጫወቱና እየዘፈኑ መኖር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የክበብ ባለቤት ማለት የጊታሩም፣ የከበሮውም፣ የኦርጋኑም ባለቤት ማለት ነበር። ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ይገባል፣ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ከባለቤቱ ጋር ቢጣላ መሰንቆ የሌለው አዝማሪ ሆነ ማለት ነው። በዙላ ክበብ አብረው ይሠሩ የነበሩት የዋልያስ ባንድ አባላት ይህን ተረድተው መሣሪያዎቻቸውን ራሳቸው ገዙ። ያን ጊዜ ነገሩ ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባንዱ ሥራውን እንደ አንድ አካል ሆኖ ለመዋዋል የቻለው ከዚህ በኋላ ነው፤ የአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴልም መደበኛ ባንድ ሆነ።

በሒልተን የሚመጣው ታዳሚ ከየአገሩ ስለ ነበር ከአገር ቤቱ ዜማ ጎን ጃዙንም ሶሉንም መያዝ ግድ ሆነ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ የምሽት ቤቶች ከእኩለ ሌሊት በፊት መዘጋት ወይም ታዳሚውን እስከ ንጋት ይዞ ማደር ነበረባቸው፤ እስከ ነጋ የመጫወት ልማድ የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ዐይን ይመረመር ስለ ነበር፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ይበልጥ መተንፈሻ አገኘ። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የዋልያስ «ቼ በለው» ሸክላ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ መሆኑን ሲያስቡት ይህም ሳይረዳው አልቀረም ያሰኛል።

ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ቀሩ። አቶ ኃይሉ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ብቻቸውን አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት ቀረጹ፤ ካሴቱም አገር ቤት ተሸጠ። ኋላ መድረክ አቁመው ታክሲ ነጂ ሆኑ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ያ ካሴት በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ አማካይነት እንደገና ሲወጣ የውጭ ጋዜጦች ይህን ታሪክ እየተቀባበሉ ጻፉት፤ ታክሲውን እንደ ውድቀት፣ መድረኩን እንደ ትንሣኤ አድርገው። ይህ አመለካከት ሙዚቀኛን እንደ ሠራተኛ ከማየት የራቀ ይመስላል። አኮርዲዮናቸውን ይዘው በየመሸታ ቤቱ የዞሩ ሰው፣ በታክሲያቸው ውስጥ የራሳቸውን ኪቦርድ ይዘው መዞራቸው የዚያው ልማድ ተከታይ እንጂ ሌላ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፎ ነበር።

ከመሣሪያው ሌላ የድምፁም ባለቤትነት ጉዳይ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ለደራሲ መብት ቢሰጥም፣ ተጫዋቹን፣ ማለት ሳክስፎን የነፋውንና ከበሮ የመታውን፣ አላሰበውም። ለተጫዋቹ ስፍራ የሰጠው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የሸክላው ዘመን ሥራዎች «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ በመሸጥ ላይ ነበሩ፤ በእነዚያ ቅጂዎች ላይ ከተጫወቱት ሙዚቀኞች አንዳንዶቹ ዐርፈዋል፣ ሌሎቹ በጡረታ ይኖሩ ነበር፣ ሌሎቹም በዋሽንግተን ጎዳና ታክሲ ይነዱ ነበር።